ንቀት የመሰላቸው ጉድጓድ ነው፦ ስለ ብስክሌተኞች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«መንገዱ የማን ነው?» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔም ደርሶኛል። አንዱ «አንብበው፣ እውነቱን ነው» ብሎ ላከልኝ። ሌላው ብስክሌት እንደምነዳ ስለሚያውቅ ሊያበሽቀኝ ብሎ ላከልኝ። ተሳክቶለታል።

ጽሑፉ ግን የባለጌ ጽሑፍ አይደለም። ጸሐፊው ቋንቋ ይችላሉ፣ ያስቃሉም። የጻፉት ብዙ ሹፌር በየቀኑ በሆዱ የሚለውን ነው። እኔም መኪና ስለምነዳ ንዴታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ።

እንዲህ ይላሉ። መንገድ የተሠራው ለመኪና ነው፤ ብስክሌተኛው ሳይከፍል የሚጠቀም እንግዳ ነው። ብስክሌተኞች ቀይ መብራት ስለሚጥሱ አክብሩን የማለት መብት የላቸውም። ዳር መያዝ ሲችሉ መሀል የሚገቡት፣ ጎን ለጎን ሆነው የሚነዱት፣ ሹፌሩን ስለሚንቁት ነው። ለእነሱ የተሠራው መስመር ባዶውን ቆሞ እነሱ አስፋልቱን ይዘጋሉ። ሄልሜት ሳያደርጉ ይወጡና ሲጎዱ ሰው ይወቅሳሉ። ማታም ያለ መብራት ይነዳሉ። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ሁልጊዜ ጥፋተኛው ሹፌሩ ነው። መፍትሔው ሰሌዳ ቁጥርና መንጃ ፈቃድ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የምቀበላቸው አሉ። አንዳንዶቹ ግን ውሃ አያነሱም። ከሁሉ በላይ የምቃወመው «ይንቁናል» የሚለውን ነው። የቀረው ንዴት ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

መንገዱ ለመኪና ተሠራ የሚለውን ቶሎ እንለፈው። ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው። ካርል ቤንዝ መኪናውን በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ብስክሌተኞች የመንገድ ማሻሻያ ማኅበር አቋቁመው መንገድ ይስተካከልልን እያሉ ይወተውቱ ነበር። አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1880 የተመሠረተው የብስክሌተኞች ማኅበር ለጥሩ መንገድ ሲዘምት መኪና ገና ብርቅ ነበር። ዛሬ መኪናው የቆመበት በአየር የሚነፋ ጎማ ራሱ፣ ጆን ደንሎፕ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1888 ያስመዘገበው ነው። እንዲህ ስል ግን መንገዱ የብስክሌተኛ ርስት ነው ማለቴ አይደለም። ማን ቀድሞ መጣ ከተባለ እግረኛው ሁላችንንም ጠራርጎ ያስወጣናል።

ክፍያውስ? በብዙ አገር የከተማ መንገድ የሚሠራውም የሚጠገነውም በአብዛኛው ከጠቅላላው የመንግሥት ገቢ ነው። ብስክሌተኛውም ደሞዝ ሲቀበል ግብር ይቆረጥበታል፣ ዕቃ ሲገዛም ይከፍላል። ብሪታንያ ከመኪና የምትሰበስበውን ግብር ለመንገድ ብቻ መመደብ የተወችው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። እዚያ ያለ ሹፌር ግን እስከ ዛሬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «የመንገድ ግብር ክፈል!» ብሎ ይጮኻል።

ደግሞስ መንገዱን የሚያበላሸው ማነው? እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ትልቅ የመንገድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ከዚያ የወጣው ደንብ እንደሚለው መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚያድገው በአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ባረፈው ክብደት አራተኛ ደረጃ ነው፤ የክብደቱ ልዩነት አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል ማለት ነው። ደንቡ ግምታዊ ነው፤ ግን ለክርክራችን ይበቃል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በእያንዳንዱ አክስል 750 ኪሎ ይጭናል። ብስክሌቱ ከነነጂው 90 ኪሎ ቢሆን በእያንዳንዱ ጎማ 45 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 17 እጥፍ ገደማ መሰለ አይደል? በአራተኛ ደረጃ ሲሰላ ግን ከ70 ሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚሁ ስሌት የቤት መኪና ከከባድ ጭነት መኪና ጋር ሲተያይ ምንም ነው። መንገዱ ብዙ ለከፈለ ይሰጥ ከተባለ ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ተሳቢ ዳር ይዘው ማሳለፍ አለባቸው። እንደማይስማሙ እገምታለሁ።

ወደ ቀይ መብራቱ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ የሚጥሱ አሉ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ እግረኛ ዜብራ ላይ እያለ በመሀሉ ሹልክ የሚሉ አይቻለሁ። እግረኛ መንገድ ላይ ወጥተው ሽማግሌ የሚያስደነግጡም አሉ። ለዚህ ምንም ሰበብ አላቀርብም። ባለቅሬታው ግን በዋናነት እግረኛው ነው። ጽሑፉ ውስጥ እግረኛ ከመግቢያው በኋላ ድምፁ የለም፤ ሹፌሩን ለማገዝ ብቅ ብሎ ተመለሰ።

የማልቀበለው ድምዳሜውን ነው። አንዱ ስለጣሰ ሁሉም አይከበሩ ይባላል? ስልኩን እያየ የሚነዳ ሹፌር በየመብራቱ አለ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። መልእክት ለማየት ሁለት ሰከንድ ዓይኑን ያነሳ ሰው 28 ሜትር ሳያይ ነድቷል። ይህን ስላወቅሁ ግን ሹፌር በሙሉ ከመንገድ ይውጣ አልልም። የማላውቀውን ሰው በማላውቀው ሌላ ሰው ጥፋት አልቀጣውም። ከኋላዬ የሚመጣው ሹፌርም ትናንት መብራት የጣሰውን ሰው ዕዳ እኔ ላይ እንዳያወራርድ እጠይቃለሁ።

ጥፋቱም እኩል አይመዘንም። ያው 1,500 ኪሎ መኪና በሰዓት 50 ሲሄድ የተሸከመው ጉልበት፣ ያው 90 ኪሎ ብስክሌተኛ በሰዓት 20 ሲሄድ ከተሸከመው 100 እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱም ቢጥሱ ሁለቱም አጥፍተዋል። የሚከተለው ግን አንድ አይደለም። አንዳንድ ሕግ አውጪም ይህን አይቷል። የአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ብስክሌተኛ የ«ቁም» ምልክት ላይ ሲደርስ መንገዱ ነጻ ከሆነ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ትፈቅዳለች። ፓሪስ ውስጥ በአንዳንድ መብራቶች ሥር ትንሽ ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ተሰቅሏል፤ ብስክሌተኛው ለእግረኛና ለሌላው ቅድሚያ ሰጥቶ በቀይ ማለፍ ይችላል። ስለዚህ «በቀይ አለፈ» ማለት በሁሉም ቦታ ሕግ ጣሰ ማለት አይደለም። ምልክቱ በሌለበት ግን መቆም ነው፣ ሌላ ክርክር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ መሀል መንገድ።

መኪና ውስጥ ሆነው ሲያዩት የመንገድ ዳር ንጹሕ ይመስላል። ብስክሌት ላይ ሲወጡ ሌላ ነው። የመኪና ጎማ ጠጠሩን፣ የተሰበረውን መስታወት፣ ሽቦውን ሁሉ እየጠረገ የሚያከማቸው ዳር ላይ ነው። ውሃ የሚተኛው ዳር ላይ ነው፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አይታይም። የፍሳሽ ፍርግርጉ ያለው ዳር ላይ ነው። ብረቶቹ ወደ መንገዱ አቅጣጫ የተዘረጉ ከሆኑ ቀጭን ጎማ መሀላቸው ይሰምጥና ብስክሌቱ እዚያው ይቀራል፤ ነጂው ግን ጉዞውን በመሪው ላይ አልፎ ይቀጥላል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቀለም የተቀባው መስመርና የብረት ክዳኑ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሹፌር ጉድጓድ ቢገባ ወገቡን ይመታዋል፣ ይራገማል፣ ያልፋል። ብስክሌተኛው ይወድቃል። የሚወድቀውም ወደ እርስዎ ጎማ ነው።

አንድ ብስክሌተኛ ድንገት ወደ ግራ ሲወጣ ሹፌሩ የሚያየው ጀርባውን ነው። ያስወጣው ነገር ያለው ግን ከፊቱ ነው። ጸሐፊው «ሆን ብሎ ገባብኝ» ሲሉ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አስፋልቱ ላይ ምን ነበር የሚለውን ነው። በእርግጥ ፍሬቻ የለውም፤ በእጁ ማመልከት ነበረበት ይሉኝ ይሆናል። ሲቻል አዎ፣ ማመልከት አለበት፤ የማያመለክቱት ብዙ ስለሆኑ ቅሬታው ትክክል ነው። ግን ልብ በሉ፤ እጅ ማንሳት ማለት ከመሪው አንድ እጅ፣ ከሁለት ፍሬን አንዱን መልቀቅ ነው። በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ በትክክል እጁ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ከዚያ የቆሙ መኪኖች አሉ። በአጠገባቸው የሚያልፍ ብስክሌተኛ ዓይኑ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። በኋላው መስታወት በኩል የሰው ጭንቅላት ይፈልጋል። ስፖኪዮው ውስጥ ፊት ይፈልጋል። የፍሬን መብራቱ አሁን ጠፋ ወይ? ሞተሩ ይሠራል ወይ? የፊት ጎማው ወደ መንገዱ ዞሯል ወይ? ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ መኪና፣ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው። በር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል። በሰዓት 20 የሚሄድ ብስክሌተኛ አምስት ሜትር ፊቱ በር ቢከፈትበት ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከበሮቹ አንድ ሜትር ርቆ ይነዳል። ይህ አንድ ሜትር ነው ለጸሐፊው «ዳር መያዝ ሲችል መሀል ገባ» ሆኖ የታያቸው።

ብዙ ሹፌር ያላሰላው ሒሳብም አለ። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ረድፍ አስቡ። ብስክሌተኛው ከዳር ግማሽ ሜትር ይርቃል። መሪው 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ያለ ስፖኪዮ 1 ሜትር ከ80 ይሁን። በመሀላቸው ደግሞ ክፍተት ያስፈልጋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በከተማ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከከተማ ውጭ ሁለት ሜትር ብላ በሕግ ደንግጋለች። ፈረንሳይ ደግሞ በከተማ አንድ ሜትር፣ ከከተማ ውጭ አንድ ተኩል ትላለች። የጀርመንን የከተማ ልክ ይዘን ስንደምረው አራት ሜትር ተኩል ሆነ። መንገዱ ሦስት ነው። ብስክሌተኛው የቱንም ያህል ዳር ቢጣበቅ ሹፌሩ በደህና ለማለፍ ወደ ሌላው ረድፍ መውጣት አለበት። ለመውጣት ደግሞ ከፊት የሚመጣ መኪና መኖር የለበትም። ከፊት የሚመጣ ከሌለ ብስክሌተኛው መሀል ቢሆንም ማለፍ ይቻላል። ካለ ደግሞ ዳር ቢሆንም አይቻልም።

እንግዲህ ዳር መጣበቁ የሚለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሹፌሩን «ይበቃኛል፣ ተጠጋግቼ ልለፍ» ብሎ ያጓጓዋል። ብስክሌተኛው ጠባብ ቦታ ላይ መሀል የሚይዘው ይህን ሙከራ ለመከልከል ነው። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሲሻሻል ይህንኑ በግልጽ ጽፎታል፤ ጸጥ ባለ መንገድ፣ ቀስ ባለ ትራፊክ፣ መስቀለኛ መንገድና መጥበቢያ ሲቃረብ የረድፉን መሀል ያዙ ይላል። ከኋላ ያለው ማለፍ እንዲችል ሲመች ቦታ ስጡ እንደሚልም አልደብቅም። እሱንም የማያደርጉ አሉ፤ ሰፊ መንገድ ላይ መሀሉን ይዘው የኋላውን የሚረሱ። እነሱን አልከላከልም።

ጎን ለጎን መንዳቱም በዚሁ ሒሳብ ይታያል። አሥር ብስክሌተኞች በአንድ ረድፍ ቢሰለፉ፣ በመሀላቸው አንድ ሜትር ቢተው፣ ሰልፉ 27 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢሄዱ ከ13 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ለማለፍ ወደ ሌላው ረድፍ መውጣቱ ካልቀረ፣ በተቃራኒ መስመር ላይ ያለው ቆይታ የሚያጥረው የትኛው ላይ ነው? እርግጥ ነው፣ ጥንዶቹ ወሬ ደርቶላቸው ከኋላ የመኪና ጅራት ሲረዝም ዞር ብለው የማያዩ ከሆነ ጸሐፊው ቢናደዱ አይፈረድባቸውም። ጠመዝማዛና ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ረድፍ መሆን፣ ሲመችም ቆም ብሎ ማሳለፍ ጨዋነት ነው።

«ጊዜዬን ሰረቁኝ» ይላሉ። እሺ፣ እንለካው። በሰዓት 18 የሚሄድ ብስክሌተኛ ኋላ 300 ሜትር ሙሉ ተከተሉ እንበል። አንድ ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት 40 ቢነዱ 27 ሰከንድ ነበር። የጠፋው 33 ሰከንድ ነው። በከተማ ውስጥ ይህ 33 ሰከንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው የሚቀጥለው ቀይ መብራት ላይ ነው። አስቡት፤ በጭንቅ አልፎት የሄደው ሹፌር መብራቱ ላይ ቆሟል፣ ብስክሌተኛውም ቀስ ብሎ ደርሶ አጠገቡ ይቆማል። ሁለቱም ሌላ ሌላ ቦታ ያያሉ። ከሌላ መኪና ኋላ ተሰልፈን የምናጠፋውን ጊዜ ግን «ትራፊክ ተጨናነቀ» እንላለን፤ ሰረቁኝ አንልም።

እግረ መንገዴን ስለ ጡሩምባ። ጸሐፊው አላነሱትም፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ባልፈው ያንቀኛል። ብዙ ጨዋ ሹፌር ክላክስ የሚያደርገው «አለሁ፣ እንዳትደነግጥ» ለማለት ነው። ችግሩ ክላክሱ የተሠራው መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ ለከፈተ ሰው መሆኑ ነው። ብስክሌተኛው መስኮት የለውም። ሞተሩን ከሩቅ ሰምቶታል። ሦስት ሜትር ኋላው ሲጮኽበት ትከሻው ይዘላል፣ ከትከሻው ጋር መሪው ይዘላል። አለሁ ማለት የፈለገ ከሩቅ አጠር አድርጎ ይንካው። ያለበለዚያ ዝም ብሎ ቢያልፍ ይሻላል። (ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ የሚነዳ ብስክሌተኛ ካለ ደግሞ ይህ አንቀጽ ለእሱ አልተጻፈም። እሱ ያውልቀው።)

ባዶው የብስክሌት መስመርስ? ሁለት ነገር ልበል። መጀመሪያ፣ የተጨናነቀ የመኪና መንገድ ሞልቶ የሚታየው ስለቆመ ነው። የሚፈስ ነገር ባዶ ይመስላል። አሥር ብስክሌት ዓይናችሁ እያየ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያልፍና መስመሩ እንደገና ባዶ ነው። ሁለተኛ፣ መስመሩን እስከ መጨረሻው ሄዳችሁ እዩት። አንዱ ቦታ መኪና ቆሞበታል። አንዱ ቦታ የተቆፈረ አፈር ተከምሮበታል። ከዚያ መስቀለኛ መንገዱ ጋ፣ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ድንገት ያልቃል። በየሁለት መቶ ሜትሩ ከሚወጡና ከሚገቡ ከጅምሩ አስፋልቱ ላይ መቆየት ደህና ነው፤ ብስክሌተኛ የሚገጨው ከመስመሩ ወጥቶ መኪኖች መሀል በድንገት ብቅ ሲል ነውና። መስመሩ ሙሉና የተያያዘ በሆነበት ሰው ይጠቀምበታል። ኔዘርላንድስም እንዲህ ሆና አልተፈጠረችም። እ.ኤ.አ. በ1971 ከ3,000 ሰው በላይ በትራፊክ አደጋ ሞተባት፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናቱን ግድያ አቁሙ» ብለው አደባባይ ወጡ። ዛሬ የሚደነቀው መስመር የዚያ ጩኸት ልጅ ነው። የተያያዘ መስመር ሲኖር የሚያርፈው ሹፌሩም ጭምር ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ጸሐፊውና እኔ ለአንድ ነገር መጮኽ ስንችል እርስ በርሳችን ተያዝን።

ሄልሜት። አድርጉ። እኔም አደርጋለሁ፤ ለጭንቅላት ይጠቅማል። ግን ምን እንደሚችል እንወቅ። የአውሮፓው የብስክሌት ሄልሜት መስፈርት፣ ኢኤን 1078፣ የሚፈትነው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ምት ነው። ከብስክሌት ላይ ለሚወድቅ ሰው ተሠራ እንጂ በ50 ለሚመጣ መኪና አልተሠራም። «ሄልሜት ስላላደረገ የራሱ ጥፋት ነው» የሚለው ሰው የተሰበረው እግርና የጎድን አጥንት ከሆነ ምን ሊል ነው?

ስለ ብስክሌት የማታ መብራት የተናገሩትን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ እንዲያውም አነሰ እላለሁ። ጨለማ ለብሶ፣ ያለ ኋላ መብራት፣ በማታ መንዳት ለማንም አይገባም። ሹፌር ከፊት በሚመጣ ረጅም መብራት ዓይኑ ታውሮ ሳለ ከምንም ተነስቶ ብስክሌት ሲደቀንበት የሚሰማውን አውቀዋለሁ። ልብ ይቆማል። ያ ሹፌር በኋላ ቢሳደብ ስድቡ ድንጋጤ ነው። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዱትም እንደዚያው። ከመጋቢ መንገድ ወደ ቀኝ የሚወጣ ሹፌር የሚያየው ወደ ግራ ነው፤ መኪና የሚመጣው ከዚያ ነዋ። በቀኙ በኩል የትራፊኩን አቅጣጫ ተቃርኖ የሚመጣን ብስክሌት የሚያየው ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ ነው። ይህንን «ትራፊኩን ፊት ለፊት ማየት ይሻላል» እያሉ የሚከራከሩ ብስክሌተኞች አሉ። ለእግረኛ ይሠራል፣ ለእነሱ አይሠራም።

ብስክሌተኞችም ስለ መኪና ያልገባን ነገር እንዳለ ልጨምር። በንፋስ መስታወቱ ጎንና ጎን ያለው ምሰሶ አንድን ብስክሌት ከነነጂው ሊሸፍን ይችላል። ሹፌሩ አይቷል፤ ምሰሶውን ነው ያየው። ከባድ መኪና ደግሞ በጋቢናው ቀኝ ጎን ሥር ሰፊ የማይታይ ቦታ አለው። ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ባለ ከባድ መኪና ቀኝ ጎን ተሹለክልኮ መግባት፣ መብራት ቢኖርም ሄልሜት ቢደረግም፣ ራስን ለሞት መስጠት ነው። ፍሬቻው ባይበራም ከኋላው መቆየት ነው። ይህን ለብስክሌተኛ ወዳጆቼ ስናገር «የሹፌር ጠበቃ» ይሉኛል። ይበሉኝ።

«ሁልጊዜ ጥፋተኛው ሹፌሩ ነው» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ጸሐፊው ሁለት ነገር ቀላቅለዋል፤ ወንጀልና ካሣ። የኔዘርላንድስ ሕግ ብዙ ጊዜ እንደ ምሳሌ ይጠራል። እዚያ መኪና ብስክሌተኛ ወይም እግረኛ ሲገጭ፣ ሹፌሩ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር መሆኑን ካላስረዳ በቀር፣ ለአዋቂ ቢያንስ ግማሹን ካሣ የሚሸፍነው የመኪናው ወገን ነው። ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ ሙሉውን። ይህ የካሣ ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው የኢንሹራንስ ነው። ሹፌሩን ወንጀለኛ አያደርገውም፣ አያሳስረውምም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ብረት ውስጥ ያልተቀመጡት ማለት ነው።

የቀረው ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የካናዳዋ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1957 ብስክሌተኞችን ፈቃድ ታስወጣ ነበር። ከተተወበት ምክንያት አንዱ ሕፃናት ሳያውቁት ገና በልጅነታቸው ሕግ ጣሽ መሆናቸው ነው። ስዊዘርላንድም ብስክሌት ላይ የሚለጠፍ የኢንሹራንስ ምልክት ነበራት፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ተወችው። ደግሞስ ሰሌዳ ሕግ ያስከብር ቢሆን ኖሮ ሰሌዳ ያለው መኪና ሁሉ በተገቢው ፍጥነት በነዳ ነበር። መኪና ፈቃድ የተጣለበት ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት በብስክሌት ሲሄድ ፈተና አልፈሃል ወይ ተብሎ በፖሊስ ይቁም የሚል ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም፤ ጸሐፊውም እንደማይሉ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ሐሳብ ውስጥ ግን አንድ ደህና ነገር ወስጄ እመለሳለሁ፤ ስልጠናውን። ኔዘርላንድስ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በብስክሌት መንገድ ላይ ወጥተው የትራፊክ ፈተና ይፈተናሉ። እጅ ማመልከት፣ ዞር ብሎ ማየት፣ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ። ጸሐፊው ይህ ይምጣ ካሉ ፊርማዬን አሁኑኑ እሰጣለሁ። በምላሹ ለመንጃ ፈቃድ ተፈታኞች አንድ ነገር ይጨመርልኝ። የብሪታንያው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2022 ያስገባው ነው፤ በቀላል ቋንቋ ይኸው፦ በር ሲከፍቱ ለበሩ በሚቀርበው እጅ አይክፈቱ፣ በሌላኛው ይክፈቱ። ያኔ ትከሻዎ ሳይወድ ይዞራል፣ ዓይንዎም ከኋላ የሚመጣውን ያያል። ተሳፋሪዎችም እንዲሁ፤ በተለይ ከኋላ ወንበር በመንገዱ በኩል የሚወርዱት።